«በነሐሴ ሂዱ» ብዬ ጽፌ ነበር

ክቡር የቢሯችን ኃላፊ አቶ ጎንፋ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጎሬም ከያዮም በዚህ የሰኔ ጭቃ እየተንሸራተታችሁ የመጣችሁ ወዳጆቼ፤ እንኳን በደህና ተገናኘን።

ቀድሜ የማመሰግነው ዲሪቤን ነው። ዲሪቤ፣ «እትዬ ሙሉ፣ ለሻይ ብቻ ነው፤ ከአሥር ሰው አንበልጥም» ብለሽ ነበር ያመጣሽኝ። አሥር ሰው ማለት ይህ ከሆነ፣ የጎብኚ ቁጥር ስትሞሉ ዲሪቤን አታስጠጓት።

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ስለ መሸኛ ስጦታው፣ ስለ መልካም ቃላችሁ፣ ይልቁንም ሥራችሁን ትታችሁ እኔን ልትሰሙ ስለ መቀመጣችሁ።

አሁን ግን አንድ ነገር ላስተካክል። አቶ ጎንፋ ሲያስተዋውቁኝ «ብሎግ ምን እንደሆነ ብዙ ሰው ሳያውቅ፣ ወይዘሮ ሙሉብርሃን የኢሉባቦርን ውበት ያስተዋወቁ ናቸው» አሉ። ጭብጨባው ደመቀ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መስሏችሁ ይሆናል። ትሕትና አይደለም። ከእናንተ ብዙዎቹ ያኔ እዚህ አልነበራችሁም፤ ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ አታውቁም። ዕድሜዬን የሰው ደብዳቤ ሳርም ኖሬ የራሴን ሳላርም ብሄድ ደግ አይሆንም።

እንግዲህ ታገሡኝ።

እዚህ መቱ፣ ቱሪዝም ቢሮ የገባሁት በ1985 ዓ.ም. ነው። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነበር። ፋይል ማውጣት፣ ፋይል መመለስ፣ ደብዳቤ መተየብ። አሥራ ስምንት ዓመት የሌሎችን የመስክ ሪፖርት ተየብኩ። «ወደ ያዮ ተጉዘን ጫካውን ተመለከትን»፣ «ወደ ሶር ተጉዘን ፏፏቴውን ጎበኘን»። እነሱ ተጓዙ፤ እኔ ተየብኩ። የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ከጎሬ መቱ በሚኒባስ ስመላለስ ኖሬያለሁ። ከዚያ ውጭ ያለውን ኢሉባቦር የማውቀው በጣቴ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ኡርጂ በምሳ ሰዓት መጣችና ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጠችኝ። ኡርጂ ያኔ አዲስ የተቀጠረች የኮምፒውተር ባለሙያችን ነበረች፤ ይኸው ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሰው የሄደበትን አገር የሚጽፍበት፣ ሌላው ደግሞ ካለበት ሆኖ የሚያነብበት ገጽ አሳየችኝ።

«ማንም መጻፍ ይችላል?» አልኳት።

«ማንም።»

«አርባ ስድስት ዓመት የሆናት ሴትም?»

«እትዬ ሙሉ፣ ዕድሜ አይጠይቅም እኮ። የይለፍ ቃል ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

የራሴን ብሎግ ከፈትኩ። የብዕር ስም አወጣሁ፤ «የጎሬዋ መንገደኛ» አልኩ። አስቡት እስቲ፤ የትም ያልሄደች መንገደኛ!

መጀመሪያ የጻፍኩት ስለ ጎሬ ነበር። ስለ ኮረብታው፣ ጉም ሲወርድበት ስለሚጠፋው ገበያ፣ ስለ አሮጌዎቹ የነጋዴ ቤቶች። አርባ ሰው አነበበ። በወሩ ሦስት መቶ ደረሰ። አንድ የሐዋሳ ሰው «የእናቴን አገር አሳየሽኝ፤ እጅሽ ይባረክ» ብሎ ጻፈልኝ። አሥራ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት የተቀመጠን ሰው «እጅሽ ይባረክ» ሲሉት ምን እንደሚሰማው ልነግራችሁ አልችልም። በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ቢሮ ገባሁ፤ ሌላ የጻፈ ሰው ይኖር እንደሆን ለማየት።

በጥር ወር የመስክ ቡድኑ ወደ ሶር ሲሄድ ለምኜ አብሬ ሄድኩ። መሬቱ ደርቋል፤ መኪናው ጫካው ጫፍ ድረስ ገባ። በጠፍጣፋ ጫማ ወርጄ በጠፍጣፋ ጫማ ወጣሁ። ውኃው፣ ጫካው፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘሉት ጉሬዛዎች! ተመልሼ ጻፍኩ። እንደዚያ ቀን የጻፍኩት የለም፤ ብዙ ሰውም አነበበው።

ከዚያ አንድ አንባቢ «በክረምትስ መሄድ ይቻላል?» ብሎ ጠየቀ።

አላውቅም። በክረምት ሄጄ አላውቅማ! ግን «አላውቅም» ብሎ መጻፍ ያቺን «መንገደኛ» የምትባለዋን ሴት የሚገድላት መሰለኝ። ከመስክ ሰዎቻችን አንዱ ምሳ ላይ «ሶር የሚያምረው በክረምት ነው» ሲል ሰምቼ ነበር። ያችን ወሬ ይዤ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በነሐሴ ሂዱ። ሶር ሶር የሚሆነው ያኔ ነው። መንገዱ ለማንም አይከብድም፤ ቁልቁለቱ ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።»

ሲነበብ ያምራል፤ አይደል? እኔም አምሮኝ ነበር።

ዮፍታሄ የሚባል ሰው ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአዲስ አበባና በመቱ መካከል ነድቷል። ማታ ይደርሳል፣ ያድራል፣ ንጋት ላይ ተሳፋሪውን ይዞ ይመለሳል። በዚያ ሁሉ ዓመት ሶርን አንድ ቀን አላየም። ልጁ የእኔን ጽሑፍ ኢንተርኔት ቤት አሳትማ አመጣችለት። አነበበው። ለባለቤቱ ለትንቢት «ዕድሜ ልኬን አጠገቡ አድሬ ያላየሁትን ላሳይሽ» አላት። የዓመት ዕረፍቱን በነሐሴ ወሰደ። ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ መስመር ላይ ተሳፋሪ ሆኖ መጣ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ ሰው ኮሪደር ላይ ቆሞ ያወራል። ሶር ላይ ሰው ገደል ገብቷል። ገበሬዎች በቃሬዛ ተሸክመው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ እየተፈራረቁ አውጥተውታል። ሆስፒታል ነው ያለው።

«በዚህ ክረምት ሶር ሂድ ያለው ማነው?» አለ አንዱ።

ማን እንዳለው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ክቡራትና ክቡራን፣ መጀመሪያ ያደረግሁትን ብነግራችሁ ደስ ባለኝ ነበር፤ ወደ ሆስፒታል ሮጥኩ ብላችሁ። አልሮጥኩም። በሩን ዘግቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ያንን ጽሑፍ አጠፋሁት። «በነሐሴ ሂዱ» ከሚለው እስከ «ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው» ድረስ። ከዚያ ፋይል ማውጣቴን ቀጠልኩ።

ሆስፒታል የሄድኩት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሾርባ ይዤ። «ከቢሮ ነው የመጣሁት» አልኳቸው። ዮፍታሄ እግሩ ጭኑ ላይም ከጉልበቱ በታችም ተሰብሮ፣ ክብደት ታስሮበት ተንጠልጥሏል። ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው። ትንቢት ሾርባውን ተቀብላ መረቀችኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ምርቃቷን ተቀበልኩ። በማግስቱም ሄድኩ። በሦስተኛውም ቀን።

በሦስተኛው ቀን ትንቢት ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣች። ጭቃ ነክቶታል። ያጠፋሁት ጽሑፍ ነው፤ አንድም ፊደል ሳይጎድልበት።

«ይቺን አንብበን ነው የመጣነው» አለችኝ። «አጻጻፏ ደስ ይላል። የጎሬ ሴት ናት ይላል። እዚህ አገር ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ታውቂያት ይሆን?»

«አላውቃትም» አልኳት።

ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ኡርጂ፣ አንቺም ዛሬ ነው የምትሰሚው።

ሁለት ቀን ቀረሁ። አሞኛል ብዬ ቤቴ ተኛሁ። እውነትም አሞኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጄን ሄድኩ። ሾርባ ይዤ ብሄድ በሾርባ የማባብላቸው መሰለኝ። አልጋው አጠገብ ቆምኩና «ያቺ ሴት እኔ ነኝ» አልኩ። «በነሐሴ ሶርን አላየሁትም። ሰው ሲያወራ ሰምቼ ነው የጻፍኩት።»

ትንቢት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ዮፍታሄ እንዲህ አለኝ፤ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሳይቆጣ፦

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ። ክረምት ላይ ድልድዩን ውኃ ሲያለብሰው መኪናውን አቁሜ እወርዳለሁ። ሱሪዬን ሰብስቤ በእግሬ እገባለሁ። ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ በራሴ እግር ሳልለካ ተሳፋሪ አሻግሬ አላውቅም። አንቺ ሳትለኪ አሻገርሽኝ።»

እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እግሩ ላይ ስላችሁ፣ ደህነኛው እግሩ ላይ። «ምን ላድርግ? ምን ልካስህ?» አልኩት።

«ለኔ ምንም። ግን ያቺን ወረቀት የያዘ ሌላ ሰው አሁን መንገድ ላይ ይሆናል።»

አያችሁ፣ እኔ ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር። የተጻፈ ነገር ግን ከወጣ በኋላ የጸሐፊው አይደለም። በሰው ኪስ ውስጥ፣ በሰው ቦርሳ ውስጥ ጉዞውን ይቀጥላል።

በማግስቱ ወደ ሶር ሄድኩ። ነሐሴ አላለቀም ነበር። ዮፍታሄን ከተሸከሙት ገበሬዎች አንዱን አገኘሁ፤ ኦቦ ሰቦቃ ይባላሉ። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ጫማዬን አዩ። ቤት ገብተው የባለቤታቸውን የላስቲክ ቦት ጫማ አመጡልኝና «ነይ እንግዲህ» አሉኝ።

መኪናው በጥር የቆመበት ቦታ ለመድረስ ብቻ ከሰዓት በላይ በእግር ሄድን። ቁልቁለቱን ስንጀምር ምድሩ ሳሙና ነው። ሥር ስይዝ ይነቀላል፤ ድንጋይ ስረግጥ ይከዳል። አልቅት ካልሲዬ ውስጥ ገባ። ግማሹን የወረድኩት ቁጭ ብዬ ነው። «ሃያ ደቂቃ» ያልኩት ቁልቁለት አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ፤ ያውም ኦቦ ሰቦቃ ክንዴን ይዘውኝ። ታች ስንደርስ ፏፏቴው አይታይም። ጉምና ጢስ ብቻ ነው። ሰው ለማየት ብሎ የወደቀበት ነገር በዚያ ቀን አይታይም ነበር!

ዮፍታሄ የወደቀበትን ቦታ አሳዩኝ። አሁንም ጭቃው ላይ የብዙ ሰው እግር ዱካ ነበር። «እዚህ ጋ ስምንት ሆነን ነው ያነሳነው» አሉኝ። «ሲያመው አልጮኸም። እኛን ነበር 'አይዟችሁ፣ ቀስ በሉ' የሚለን።»

«ኦቦ ሰቦቃ፣ ከእንግዲህ መጻፍ እተዋለሁ» አልኳቸው።

እሳቸው ጭቃቸውን በእንጨት እየፋቁ ነበር። ቀና ሳይሉ «ከን አርግቴ በሬሲ» አሉኝ። ያየሽውን ጻፊ። «ብትተዪው ሌላ ያላየ ሰው ይጽፈዋል።»

ያን ሳምንት ጻፍኩት። የብዕር ስሜን ትቼ በገዛ ስሜ፣ ሙሉብርሃን ብዬ። ያጠፋሁትንም ዓረፍተ ነገር መልሼ አስገባሁትና ከሥሩ «ይህ ውሸት ነው፤ በዚህ ምክንያት አንድ ሰው እግሩን አጥቷል ማለት ይቻላል» አልኩ። በየትኛው ወር መኪና እስከ የት እንደሚገባ፣ ሰው ስንት ሰዓት እንደሚሄድ፣ ማንን መጠየቅ እንደሚገባ ዘረዘርኩ። ማማር የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ስድቡን አትጠይቁኝ። «ነፍሰ ገዳይ» ያለኝ አለ። «እጅሽ ይባረክ» ያለኝ የሐዋሳው ሰው ዳግመኛ አልጻፈልኝም። ሦስት መቶ አንባቢ ወደ ሠላሳ ወረደ። ለአንድ ዓመት ያህል ለሠላሳ ሰው ጻፍኩ። ግን እነዚያ ሠላሳዎቹ እየጻፉ መጠየቅ ጀመሩ፤ «እትዬ፣ ያዮ አሁን መንገዱ እንዴት ነው?»፤ «አባቴ ጉልበቱን ያመዋል፣ ጎሬ ኮረብታው ላይ መኪና ይወጣል?» አንዳንዱን አውቃለሁ፤ እመልሳለሁ። የማላውቀውን ሄጄ አያለሁ። ቅዳሜዬ ሁሉ እንደዚያ አለቀ። ያዮ ጫካ ውስጥ ማር ቆራጮቹን ተከትዬ ሄጄ፣ ንብ ፊቴን አሳብጦት ሰኞ ቢሮ ስገባ ጥበቃው መታወቂያ ጠይቆኛል።

ቢሮው ከመዝገብ ቤት አንስቶ የእንግዳ መረጃ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አቶ ጎንፋ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እዚህ ያደረሰኝ የኢሉባቦርን ውበት ማስተዋወቄ አይደለም። ስለ ጭቃዋ እውነቱን መናገሬ ነው።

ይሄም ቀላል እንዳይመስላችሁ። መንገድ የማያስተማምንበት ጊዜ መጥቶ ነበር፤ ታስታውሳላችሁ። ያኔ «ለጊዜው አትምጡ» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ኪቲላ፣ የእንግዳ ማረፊያ ያላቸው ወዳጃችን፣ እዚህ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

«እትዬ ሙሉብርሃን፣ የገዛ አገርዎን በር እየዘጉ ነው» አሉኝ። «አልጋዬ ባዶ ነው፤ ሠራተኞቼን ምን ልበላቸው?»

እውነታቸውን ነበር። «አቶ ኪቲላ፣ እርስዎ ልጅዎን ዛሬ በዚያ መንገድ ይልካሉ?» አልኳቸው። ተቀይመው ወጡ። ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሱኝ። መንገዱ ሲረጋጋ «አሁን ኑ» ብዬ ስጽፍ ሰው መጣ። አቶ ኪቲላ ዛሬ እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል፤ ስለመጡልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ስለ ዮፍታሄ ደግሞ ልጨርስላችሁ። ከዚያ በኋላ መሪ አልጨበጠም። እግሩ ዳነ፤ ግን አልታጠፍ አለው። መናኸሪያ ውስጥ አውቶቡስ የሚያሰማራ ሆነ፤ በከዘራ። እሱ በነዳበት መስመር ሌሎች ሲነዱ ቆሞ ማየት ነበረበት። በየዓመቱ ክረምት ሊገባ ሲል ይደውልልኛል። ሰላምታው አጭር ነው። «የት ሄድሽ? ምን አየሽ?» እነግረዋለሁ። «ለክተሻል?» ይለኛል። «ለክቻለሁ» እለዋለሁ። ይዘጋል።

አንድ ቀን «ይቅር ብዬሻለሁ» አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። የሚጠየቅ አልመሰለኝም።

በ2014 ዓ.ም. አረፈ። ለቀብሩ አዲስ አበባ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሹፌሮች ሞልተዋል። የት ልቀመጥ ብዬ በር ላይ ስቆም ትንቢት አየችኝ። ከለቅሶው መሃል ተነስታ መጥታ እጄን ያዘችና ለዘመዶቹ እንዲህ አለቻቸው፦

«ይቺ ሙሉብርሃን ናት። ዮፍታሄ ወደ ምዕራብ ለሚወጣ ሹፌር ሁሉ 'መጀመሪያ እሷን ጠይቁ' የሚላት።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለእሱ ይሁን ለራሴ አላውቅም።

ወጣቶች፣ እናንተ አሁን ስልካችሁን አውጥታችሁ ቪዲዮ ትቀርጻላችሁ፤ በአንድ ቀን መቶ ሺህ ሰው ያያችኋል። እኔ ከሦስት መቶ ሰው ምስጋና ያንን ያህል ከሰከርኩ፣ የእናንተን ፈተና አስቡት። ለመስበክ አይደለም። ብቻ አንድ ቀን «በክረምትስ?» የሚል ጥያቄ ይመጣባችኋል። ያኔ «አላውቅም» ማለት ያሳፍራችኋል። ይፈር ፊታችሁ። ፊት ይመለሳል፤ እግር አይመለስም።

አንድ ነገር ተናግሬ ልቀመጥ። ዛሬ ጠዋት፣ የመጨረሻው ቀኔ ነው ብዬ መሳቢያዬን ስጠርግ ስልክ ጮኸ። ዬሮሳን የምትባል የበደሌ ሴት ናት። እናቷ ሶር አካባቢ ነው የተወለዱት፤ በልጅነታቸው ነው የወጡት። አሁን ዓይናቸው ጠፍቷል፤ መራመድም አይችሉም።

«ማየት አይደለም የምትፈልገው» አለችኝ። «የውኃውን ድምፅ ብቻ ልስማ ነው የምትለው። ከመኪና ሳትወርድ ድምፁ የሚሰማበት ቦታ አለ?»

አሥራ አራት ዓመት ስለ ሶር ስጠየቅ፣ ይህን የጠየቀኝ የለም። የት እንደሚታይ አውቃለሁ። የት ድረስ እንደሚሰማ ግን ለክቼ አላውቅም።

«አላውቅም» አልኳት። «ሄጄ ልስማና ልደውልልሽ።»

እንግዲህ ነገ የጡረታዬ የመጀመሪያ ቀን ነው። መኪና ተከራይቻለሁ። ሹፌሩ በየመቶ ሜትሩ ሞተሩን ያጠፋልኛል፤ እኔ መስኮቱን ከፍቼ አዳምጣለሁ።

ክቡራትና ክቡራን፣ የምታውቁትን ተናግራችሁ የምትከበሩ፣ የማታውቁትንም «አላውቅም» ብላችሁ የማታፍሩ ያድርጋችሁ። የላካችሁት ሰው በደህና ገብቶ «ደርሻለሁ» ብሎ ይደውልላችሁ። ቤታችሁ እንግዳ አይጣ፤ እንግዳችሁ መንገድ አይሳት። አቶ ጎንፋ፣ ወንበርዎን የማያሳጥርብዎ፣ ዕድሜዎን የሚያስረዝምልዎ ይሁን። ዲሪቤ፣ ከነገ ጀምሮ በዚያ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ፤ የጠየቀሽ ሁሉ የሚመርቅሽ ያድርግሽ። ያስቀየምኳችሁ ካላችሁ ይቅር በሉኝ፤ እኔም በማንም ላይ የቀረ ነገር የለኝም።

ነጋን ቱራ። በሰላም ቆዩ።